ያገለገለ ጄት ለመቲ ባለሀብት ያዋጣዋል?

የማጃንግ ዞን ዋና ከተማ መቲ የቡናና የማር አገር ናት። ላኪውም ባለ እርሻውም ወደ አዲስ አበባ ሲመላለስ ጊዜው የሚያልቀው መንገድ ላይ ነው። ከተማዋ መደበኛ በረራ የሚያስተናግድ ማረፊያ ስለሌላት፣ በአየር የሚመጣ ሰው ጋምቤላ ወይም ጅማ ወርዶ ቀሪውን በመኪና ይጨርሳል። አቅሙ ያለው ባለሀብት «ያገለገለች ትንሽ ጄት ብገዛስ?» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሒሳቡን ግን አብረን እንሥራው።

ሴስና እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ያመርታት የነበረችውን ሳይቴሽን ሙስታንግን እንውሰድ። ሻጩ 2 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ እንበል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ማሻሻያ በፊት፣ ዶላር በ57 ብር ገደማ ሲመነዘር፣ ይህ 114 ሚሊዮን ብር ነበር። በ150 ብር ስንመታው 300 ሚሊዮን ይሆናል። መለዋወጫውም፣ የአብራሪ ሥልጠናውም በዶላር ስለሚከፈሉ ገቢው በብር የሆነ ባለቤት ይህን ጫና በየዓመቱ ይሸከመዋል።

ትልቁ ወጪ የሚደበቀው ሞተሩ ውስጥ ነው። የሙስታንግ ሞተር 3,500 ሰዓት ሲበር ሙሉ እድሳት ይጠብቀዋል። ለሁለቱ ሞተሮች በየበረራው ሰዓት 300 ዶላር መቀመጥ አለበት ብለን እናስላ። 2,000 ሰዓት የበረረች፣ ነገር ግን ለእድሳት ምንም ያልተቀመጠላት ጄት 600,000 ዶላር ዕዳ ይዛ ትመጣለች ማለት ነው። ሻጩ ይህን አይነግርም፤ የሚናገረው የጥገና መዝገቡ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳይጎድል መገኘት አለበት፤ ሻጩ ያልመረጠው ባለሙያ ሞተሩን ማየት አለበት። ኢትዮጵያ የኬፕታውን ስምምነት አባል ናትና፣ በአውሮፕላኑ ላይ የባንክ መያዣ መኖር አለመኖሩም ደብሊን በሚገኘው ዓለም አቀፍ መዝገብ ይጣራል።

ከዚያ ቋሚው ወጪ አለ፤ መድን፣ ሃንጋር፣ የአብራሪ ደመወዝ። በዓመት 300,000 ዶላር ነው ብንል፣ 100 ሰዓት ብቻ የሚበር ባለቤት ገና ነዳጅ ሳይቀዳ በሰዓት 3,000 ዶላር ከፍሏል። 400 ሰዓት ቢበር ወደ 750 ይወርዳል። አንድ የቡና ነጋዴ ግን በዓመት 400 ሰዓት የሚያስበርር ጉዳይ ከየት ያመጣል?

ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ጄቷ መቲ አታርፍም። ሙስታንግ አስፋልት ትፈልጋለች፤ የጠጠር ሜዳ ሞተሯን ይጎዳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ቦሌ ስትነሳም አየሩ ስለሚሳሳ ረጅም መንደርደሪያ ትሻለች፣ ጭነትም ትቀንሳለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀድሞው ዘመን ደቡብ ምዕራቡን በዲሲ-3 እና በትዊን ኦተር ያገለገለው በምክንያት ነው። ዛሬም በአገራችን የግል የኪራይ በረራ የሚሰጡ ድርጅቶች የሚጠቀሙባት ሴስና ካራቫን አንድ ሞተር ያላት፣ በጠጠር ሜዳ የምታርፍ ናት።

ስለዚህ ጄት አትግዙ እላለሁ። የሚቸኩል ሰው በሰዓት ይከራይ። የአካባቢው ላኪዎች ግን ገንዘብ ካዋጡ አንዲት ያገለገለች ካራቫን የነጋዴውንም፣ የታማሚውንም፣ የእርሻ መለዋወጫውንም ጉዞ ታሳጥራለች። የውጭ ሸሪክ ቢመጣም በአገር ውስጥ አየር ትራንስፖርት ድርሻው ከ49 በመቶ አይበልጥም፤ አብላጫው በእናንተ እጅ ይቆያል። ዞኑና ክልሉም ከአውሮፕላኑ በፊት ደህና የጠጠር ሜዳ ያዘጋጁ፤ ያለ እሱ ካራቫንም አትመጣም።