የዱር ቺምፓንዚን ማላመድ፦ ከጎምቤ እስከ ታይ

የዱር ቺምፓንዚ ሰው ሲያይ ይሸሻል። ቢሸሽም አይፈረድበትም፤ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ለሥጋው ይታደናል፣ ግልገሎቹ ለሽያጭ ይያዛሉ። ኑሮውን ማጥናት የሚሻ ሰው እንግዲህ አስቀድሞ ይህን ፍርሃት ማስረሳት አለበት።

በ1890ዎቹ አሜሪካዊው ሪቻርድ ጋርነር ጋቦን ደን ውስጥ የብረት ፍርግርግ አቁሞ፣ ራሱ ውስጡ ተቀምጦ እንስሳቱን ይጠብቅ ነበር። ዘርፉ መልክ የያዘው ግን ጄን ጉዶል በሐምሌ 1960 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በታንጋኒካ ሐይቅ ዳርቻ ወደምትገኘው ጎምቤ በገባች ጊዜ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት እንስሳቱ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ይበተኑ ነበር። እሷ ግን አላሳደደቻቸውም። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ደብዛዛ ልብስ ለብሳ፣ ከየአቅጣጫው በምትታይበት ጉብታ ላይ ትቀመጣለች። መጀመሪያ የተረጋጋላት ዴቪድ ግሬይቤርድ ብላ የሰየመችው፣ አገጩ የሸበተ ወንድ ነበር። በዚያው ዓመት ይኸው ቺምፓንዚ ቀጭን እንጨት ወደ ኩይሳ እየሰደደ ምስጥ አውጥቶ ሲበላ አየችው፤ መሣሪያ መሥራት የሰው ብቻ ነው የሚለው እምነት በዚህ ተናጋ።

ቀጥሎ የመጣው ዘዴ መደለያ ነበር። ጎምቤ ላይ ሙዝ፣ ጃፓናዊው ቶሺሳዳ ኒሺዳ በ1965 ሥራ በጀመረበት በማሃሌ ደግሞ ሸንኮራ አገዳ ይቀርብላቸው ጀመር። በእርግጥም ቀረቡ፤ ነገር ግን ምግቡ በአንድ ቦታ ሲከማች እነሱም ተከማቹ፣ ጠቡም በዛ፤ የሚታየው ባሕርይ የጫካው ይሁን የሙዙ መለየት አስቸጋሪ ሆነ። በ1966 የልጅነት ልምሻ ጎምቤ ሲገባ ክትባቱ በሙዝ ውስጥ ተደርጎ መሰጠቱ ለብዙዎቹ ሕይወት መትረፍ ረድቷል፤ እንዲያም ሆኖ ማብላቱ ስህተት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ የተማሩት ክሪስቶፍ ቦሽና ባለቤቱ ሄድቪግ በ1979 በአይቮሪ ኮስት ታይ ደን ሲጀምሩ ምንም ላለማብላት ወሰኑ። አምስት ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ሥራው አድካሚ ነው፦ ቺምፓንዚዎቹ ካደሩበት ጎጆ ሳይነሡ ጎሕ ሲቀድ መድረስ፣ ቀኑን ሙሉ መከተል፣ ሲመሽ አዲስ ጎጆ ሲሠሩ ቦታውን ለይቶ ለነገ መያዝ። አፍጥጦ ማየት እንደ ዛቻ ስለሚቆጠር ጎን ሰጥቶ መቀመጥ፣ ሲረበሹ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ዱካና ድምፅ ለይተው የሚመሩት የአካባቢው ተወላጆች ባይኖሩ ከእነዚህ ጣቢያዎች አብዛኞቹ አይቆሙም ነበር፤ ስማቸው በጥናቶቹ ሽፋን ላይ እምብዛም አለመታየቱ ያሳዝነኛል።

ጊዜ የሚፈጀው በአኗኗራቸውም ምክንያት ነው። በአገራችን በሰሜን ተራሮችና በመንዝ ጓሳ የሚጠናው ጭላዳ ግልጽ ሜዳ ላይ በመንጋ ይግጣል። ቺምፓንዚ ግን በጥቂት በጥቂቱ እየተከፋፈለ ጥቅጥቅ ባለ ደን ይዘዋወራል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ለየብቻው ሰው መልመድ አለበት። ደፋር ወንዶች ይቀድማሉ፤ ግልገል ያዘሉ እናቶች ይዘገያሉ። በአንጻሩ በኮንጎ ሪፐብሊክ ጓሉጎ፣ ሰው አይተው የማያውቁ የሚመስሉ ቺምፓንዚዎች ከመሸሽ ይልቅ ቀርበው በመገረም ይመለከቱ ነበር።

የዘርፉ ከባዱ ጥያቄ መቀራረቡ የሚያመጣው በሽታ ነው። ታይ ውስጥ በተደጋጋሚ ቺምፓንዚዎችን የገደለው የመተንፈሻ አካል በሽታ ከሰው በተላለፉ ቫይረሶች የመጣ መሆኑን በ2008 የወጣ ጥናት አረጋግጧል። እኛን በጉንፋን የሚያስተኛን እነሱን ይገድላል። ዛሬ ተመራማሪው ወደ ደኑ ከመግባቱ በፊት ለቀናት ተገልሎ ይቆያል፣ ጭምብል ያደርጋል፣ ርቀቱን ይጠብቃል፤ ያመመው ሰው አይገባም።

ሁለተኛው አደጋ አዳኝ ነው፤ ሰው የለመደ እንስሳ ጠመንጃ የያዘውንም ላይሸሽ ይችላል። ያው የታይ ጥናት ግን ተመራማሪዎች ባሉበት አካባቢ ሕገወጥ አደን እንደሚቀንስም አሳይቷል። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ሰዎቹ እዚያው እስከቆዩ ድረስ ነው፤ ቺምፓንዚ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ሊኖር ይችላል። አላምዶ ጥሎ መሄድ ክህደት ነው። ቋሚ ጠባቂና የረጅም ጊዜ በጀት በሌለበት ቦታ በርካታ ተመራማሪዎች ጭራሹን አያላምዱም፤ ዛፍ ላይ በሚታሰሩ ካሜራዎችና ከኩስ በሚወሰድ ናሙና ይሠራሉ። በዚህም ቁጥራቸውን፣ ዝምድናቸውን፣ የሚጠቀሙበትን መሣሪያ ማወቅ ይቻላል። የታይ እናት ጠንካራ ፍሬ በድንጋይ መስበርን ለልጇ እንዴት እንደምታሳይ በቅርብ መከታተል ግን ይቀርባቸዋል፤ ያንን አውቀው ትተውታል።