ከጆሃንስበርግ ሰዓት አምስት ቀንስ

ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ጎዳና ላይ ሱቅ የከፈተ ልጅ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላሉት እናቱ «ማታ በ8 እደውላለሁ» ብሎ መልእክት ቢልክ፣ እናት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንቅልፍ አጥተው ሊያድሩ ነው። ልጁ ያየው የደቡብ አፍሪካን ሰዓት ነውና። የእሱ የማታ 8 ኮልፌ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከእሱ ቁጥር 5 መቀነስ ይበቃል፤ ቁጥሩ ከ5 ካልበለጠ መጀመሪያ 12 መደመር ነው።

ይህ 5 የሁለት ነገር ውጤት ነው። እኛ ከንጋት ጀምረን ስለምንቆጥር 6 ይቀነሳል፤ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ በአንድ ሰዓት ስለምትቀድም ደግሞ 1 ይመለሳል። የእኛ ቀጠና በ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ከግሪንዊች 3 ሰዓት ይቀድማል። ደቡብ አፍሪካ ከ1903 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በ30ኛው ዲግሪ ትሄዳለች፤ ብልጫዋ 2 ሰዓት ነው። ፀሐይ ግን ይህን ስምምነት አታውቅም። አዲስ አበባ 39ኛው ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች ፀሐይ አናት ላይ የምትወጣው በአማካይ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የፀሐይ ልዩነት 43 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረውን የጨመረው ሰው ነው።

የሐበሻን ሰዓት ኋላ ቀር የሚሉ ሰዎች፣ በእኔ አስተያየት፣ ካርታ አላዩም። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ክረምት ከበጋ ፀሐይ የምትወጣው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እንዲህ የረጋ ንጋት ካለ ከንጋት መቁጠር ያስኬዳል፤ ዳሬሰላምና ናይሮቢ ያሉ የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም የሚቆጥሩት እንደ እኛው ነው። ጆሃንስበርግ ግን ከምድር ወገብ በስተደቡብ 26 ዲግሪ ርቃለች። የቀኗ ርዝመት ከወቅት ወቅት ከሦስት ሰዓት በላይ ይለያያል፤ ከንጋት ልቁጠር ብትል ሰዓቷ አንድ ቦታ አይረጋላትም።

በታሪክ ግን ሁለቱ ከተሞች እኩያሞች ናቸው። ሁለቱም የተቆረቆሩት በ1879 ዓ.ም. (1886 እ.ኤ.አ.) ነው፤ አንዷን ፍል ውኃ፣ ሌላዋን ወርቅ ወለዳት። ባሕር ዛፍ ሁለቱንም ያውቃቸዋል፤ እዚህ ለማገዶና ለቤት፣ እዚያ ለማዕድን ጉድጓድ ድጋፍ ተተክሏል።

ኮልፌን ከጆሃንስበርግ ጋር በስም ያስተዋወቁት ኔልሰን ማንዴላ ናቸው። በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። በግለ ታሪካቸው እንደጻፉት ሥልጠናው በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 እስከ ቀኑ 1፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ከ2 እስከ 4 ነበር። በኮልፌ ቋንቋ ከ2 እስከ 7፣ ከዚያም ከ8 እስከ 10 ማለት ነው፤ እዚህ ላይ የሚቀነሰው 6 ነው፣ ሰውየው እኛው ዘንድ ነበሩና። ከ10 ሰዓት በኋላ እስከ ምሽት የጦር ትምህርት የሚሰጧቸው ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ተቋርጦ ወደ አገራቸው ተጠሩ። ኮሎኔሉ ሽጉጥና 200 ጥይት ሸለሟቸው። ማንዴላ ሐምሌ 29 ቀን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሃዊክ ከተማ አጠገብ ተያዙ፤ ሽጉጡ ግን ጆሃንስበርግ ዳር፣ ሪቮኒያ በሚገኘው የሊሊስሊፍ እርሻ ተቀብሮ ከብዙ ዓመት በኋላ ቢፈለግ አልተገኘም።