ኮምፒዩተሩ ቢሮ፣ ደብተሩ መቂ





ስለ ሕንፃ ሥራ ተቋራጮችና ስለ ኮምፒዩተር ሲነገር ዘወትር የሚነሣው የፕላኑ ጉዳይ ነው። ፕላኑስ በአውቶካድ መነደፍ ከጀመረ ቆይቷል፤ የዋጋው ዝርዝር በኤክሴል ይሰላል፤ የፌዴራል መንግሥት ጨረታም በኤሌክትሮኒክ ግዥ መቅረብ ከጀመረ ወዲህ ኮምፒዩተር የሌለው ተቋራጭ ከደጅ ቀርቷል። እኔ ግን ለማመልከት የምወደው የግምጃ ቤቱን ችግር ነው።

የምሠራበት ድርጅት ስሙ ይቆየንና፣ ባለፈው ዓመት የወለል ሴራሚክ የጫነ ኮንቴይነራችን ከጅቡቲ ተነሥቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደረሰ። ትራንዚተራችን ዲክላራሲዮኑን በኮምፒዩተር አስገባ። ዕቃው ሲፈተሽ ግን በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የካርቶን ብዛትና በኮንቴይነሩ ውስጥ የተገኘው አልገጠመም። ዕቃው ጐደለ ወይስ ወረቀቱ ተሳሳተ? ይህን ለመመለስ ያዘዝነውን ልክ ማወቅ አስፈለገ። የቢሯችን ኮምፒዩተር የያዘው ካሬ ሜትሩን ብቻ ነበር። ወደ ካርቶን የለወጠው ፎርማናችን ሲሆን፣ ስሌቱም በመቂው ሥራ ቦታ በእርሳስ በተጻፈ ደብተር ውስጥ ተቀምጧል። የደብተሩ ሣጥን ቁልፍ ደግሞ ከፎርማኑ ጋር ለለቅሶ አርሲ ሄዷል!

እርሱ እስኪመለስ ድረስ የወደቡ ኪራይ በየቀኑ ሲቆጠር፣ የሴራሚክ ሠራተኞቻችን ሥራ ፈትተው ውለዋል። የሚያሳዝነው የፎርማኑ ስሌት አንዲት ካርቶን ያልሳተ ሆኖ መገኘቱ ነው። ጉድለቱ የሻጩ ነበር።

ወደቡና ጉምሩኩ እኛን ቆመው አልጠበቁም። ከጅቡቲ የሚመጣው አዲሱ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀምሯል፤ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችን ከጉምሩክ ጋር የሚያገናኘው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎትም በ2012 ዓ.ም. ተከፍቷል። ስለዚህ ሞጆ ያለው ዕቃ የት እንደቆመ በደቂቃ ሲታወቅ፣ እኛ ግምጃ ቤት የገባው ግን እስከ ወር መጨረሻ ቆጠራ ድረስ አይታወቅም።

ፌሮን እንመልከት። ሻጩ በኪሎ ይሸጣል፤ ፎርማኑ በዘንግ ይቆጥራል። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 ፌሮ 10.7 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ ባለ 14ቱ 14.5 ኪሎ ይሆናል። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ የተደባለቁ እንደሆነ ሂሳቡን የሚያስታርቅ ሽማግሌ አይገኝም። ይህን የመሰለውን ስሌት የሚሠራ አንድ ሠንጠረዥ በእጅ ስልክ ላይ እንኳ ይበቃ ነበር።

አንዳንድ አሠሪዎች «ግምጃ ቤት ሠራተኛ ኮምፒዩተር ከነካ ይሰርቃል» ይላሉ። ለመስረቅ ያሰበስ እርሳስና ላጲስ ይመቸው የለምን? አቧራውና የመብራቱ መጥፋት እውነተኛ ችግር መሆናቸውን አልክድም። ቢሆንም የዕለቱን ገቢና ወጪ ማታ በስልክ መዝግቦ ለቢሮ መላክ ይቻላል። እኔ ለሁለት ወር ያህል በገዛ ስልኬ ሞክሬው ምንም አልከበደኝም።

ይህንኑ ለድርጅታችን ባለቤት በጽሑፍ አመልክቼ ነበር። እርሳቸውም አሳቡን አመስግነው ባለፈው ሳምንት አዲስ ኮምፒዩተር ገዙ። የተቀመጠውም በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነው።

አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ
ከአዳማ