ከስሱ ንጣፍ ሥር

ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ ስለሚያስተላልፈው ሱፐርኮንዳክተር ሲወራ ሙገሳው ሁሉ ለቁሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ጆርጅ ቤድኖርዝና አሌክስ ሙለር በስዊዘርላንድ የአይቢኤም ቤተ ሙከራ አዲስ ዓይነት ሱፐርኮንዳክተር አገኙ፤ በዓመቱም ኖቤል ተሸለሙ። በዚያው በ1987 አሜሪካ ውስጥ ከኢትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክስጅን የተሠራ ቁስ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ ላይ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ጠፋ። ፈሳሽ ናይትሮጂን እስከ 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ስለሚያቀዘቅዝ፣ ሱፐርኮንዳክተርን በርካሽ ማሠራት የሚቻል ሆነ።

ይሁን እንጂ ቁሱ የተፈለገውን ድግግሞሽ ብቻ ለሚያሳልፍ የሬዲዮ ማጣሪያ የሚያገለግለው ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ በታች የሳሳ ንጣፍ ሆኖ ነው። ብቻውን አይቆምም፤ ከ700 ዲግሪ በላይ በጋለ ክሪስታል ላይ ይነጠፋል። ሊጡ ምንም ቢያምር ምጣዱ ካልተስማማው እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ እዚህም የክሪስታሉ አቶሞች አሰላለፍ ከንጣፉ ጋር መግጠም አለበት።

መግጠሙ ግን ብቻውን አይበቃም። ማጣሪያው የሚያጣራው የማይክሮዌቭ ሞገድ በክሪስታሉ ውስጥ ጭምር ያልፋል። ክሪስታሉ ሞገዱን ምን ያህል ያዘገየዋል? ከጉልበቱስ ምን ያህሉን ወደ ሙቀት ለውጦ ያባክናል? የመጀመሪያውን የሚነግረን ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት የሚባለው ቁጥር ነው።

ስትሮንቲየም ታይታኔት በአሰላለፍ ረገድ ተመራጭ ነበር፤ ያማረ ንጣፍም ወጥቶበታል። ቁጥሩ ግን በተራ ሙቀት 300 ገደማ ሆኖ፣ በናይትሮጂን ቅዝቃዜ ከ1,000፣ ወደ ፍጹም ዜሮ ሲጠጋ ደግሞ ከ10,000 ያልፋል። ሙቀቱ ትንሽ በተነቃነቀ ቁጥር የማጣሪያው ድግግሞሽ ይሸሻል። ለማይክሮዌቭ የሚሆን አይደለም።

በምትኩ ላንታነም አሉሚኔት መጣ። ቁጥሩ 24 ነው፤ በአየር 15 ሴንቲሜትር የሚረዝመው የ2 ጊጋኸርዝ ሞገድ በውስጡ ወደ 3 ሴንቲሜትር ያጥራል፤ ማጣሪያውም ያንሳል። ብክነቱ ኢምንት ነው። ሆኖም 540 ዲግሪ አካባቢ የክሪስታሉ ቅርጽ ይለወጣል። ንጣፉ የሚሠራው ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ ሲቀዘቅዝ ክሪስታሉ በየአቅጣጫው በዞሩ ክፍሎች ይሸነሸናል፤ መሐንዲሱ ያሰላው ድግግሞሽም ከቦታ ቦታ ይዛነፋል። ማግኒዥየም ኦክሳይድ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ቁጥሩም 10 ገደማ ነው፤ የአቶሞቹ ርቀት ግን ከንጣፉ በ9 በመቶ ያህል ይለያል።

በብክነት ማነስ የሚደነቀው ሰንፔር ነው። እሱም ቢሆን በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ወደ ንጣፉ ሰርጎ ስለሚያበላሸው፣ በመሃል ቀጭን የሴሪየም ኦክሳይድ ሽፋን ይገባል። እንከን የለሽ ክሪስታል የለም። ጥሩ መሐንዲስ የትኛውን እንከን እንደሚችለው አውቆ ይመርጣል። በአሜሪካ የሞባይል አንቴና ጣቢያዎች ላይ የተተከሉት የሱፐርኮንዳክተር ማጣሪያዎች የተገኙት ከዚህ ምርጫ ነው።

ከንጣፉ ሥር የቱ ክሪስታል ይሁን የሚለው ጥያቄ ዛሬ ወደ ኳንተም ኮምፒውተር ተሻግሯል። በ2021 የፕሪንስተን ተመራማሪዎች ታንታለም የተባለውን ሱፐርኮንዳክተር ብረት በሰንፔር ላይ አንጥፈው የኳንተም መረጃን ከ0.3 ሚሊሰከንድ በላይ አቆዩ። በ2025 ሰንፔሩን በንጹሕ ሲሊከን ሲተኩት ጊዜው ከ1 ሚሊሰከንድ አለፈ።