ከእንሶስላ እስከ ጄል፦ በበዓል ዋዜማ ስለ ጥፍር የሚነገረውና እውነቱ

የክረምቱ ጭጋግ ከጉና ተራራ ራስ ላይ መገፈፍ ሲጀምርና ዐደይ አበባ ከየማሳው ዳር ብቅ ሲል፣ በጎንደርና በጎጃም ደጋማ አገሮች የሚኖሩ ልጃገረዶች እጅና እግራቸውን ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ማሰናዳታቸው ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን፣ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፣ ሕፃናት በሚዘንበው ዝናብ እየተጠመቁ ሲቦርቁ፣ ታላላቆቻቸው ከወንዝ ዳር ወይም ከጓሮ የእንሶስላ ሥር ቆፍረው ያወጣሉ። ሥሩ ከታጠበ በኋላ በሙቀጫ ይወቀጥና በእጅ መዳፍ፣ በጣቶችና በጥፍሮች፣ እንዲሁም በእግር ላይ ተደርጎ በጨርቅ ወይም በቅጠል ይጠቀለላል። «እንሶስላ ሞቀች» የሚባለውም የተጠቀለለው እጅና እግር ከምድጃ ዳር ሙቀት እየተሰጠው ስለሚቆይ ይመስላል። ሲፈታ፣ እንደ ሥሩ ብርታትና እንደ ቆይታው ርዝመት፣ ከቀይ ዳማ እስከ ጥቁር የሚደርስ ቀለም ይዞ ይገኛል።

ይህ እንዳለ ሆኖ፣ በአሁኑ ጊዜ በየወረዳው ከተማ የውበት ሳሎን መከፈቱ አዲስ ነገር አይደለም። መካነ ኢየሱስን በመሰለ ከተማ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ታቦር የጥቂት ወራት ሥልጠና ወስዳ የተመለሰች ወጣት ማኒኬርና ፔዲኬር ስትሠራ፣ ጄል ስትቀባና አርቴፊሻል ጥፍር ስትለጥፍ ብትገኝ የሚደነቅ ሰው አይኖርም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለችው አዲስ ባለሙያ ከእጅ ሥራው ይልቅ የሚከብዳት ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ደንበኞቿ ይዘውት የሚመጡት ግምት ነው። እናቷ ወይም አክስቷ የምትሆን ሴት ከወንበሩ ተቀምጣ «ልጄ፣ እኔ የማውቀው እንዲህ ነው» ስትላት፣ «እትዬ፣ እንደርሱ አይደለም» ብሎ መመለስ በእኛ አገር ወግ እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም። ታናሽ ታላቅን አታርምምና ዝም ብላ የተጠየቀችውን ትሠራለች። ከዚህ ዝምታ የሚመጣው ጉዳት ግን አንዳንድ ጊዜ ከጥፍር ያልፋል።

በመጀመሪያ ስለ እንሶስላው እንናገር። እንሶስላ በእርጥብና ጥላማ ሥፍራ የሚበቅል፣ ነጭ አበባው በጉሮሮው ላይ ሐምራዊ ነጥብ ያለበት የሚያምር ተክል ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሐበሻን እጽዋት መዝግቦ ያሳተመው ፈረንሳዊው የእጽዋት ሊቅ አሺል ሪሻር ኢምፓሽየንስ ቲንክቶሪያ ሲል የሳይንስ ስም ሰጥቶታል፤ ቲንክቶሪያ ማለት በላቲን ቋንቋ «ለማቅለሚያ የሚሆን» ማለት ነውና፣ ሊቁ የእናቶቻችንን ሙያ በስሙ ውስጥ አስገብቶታል ለማለት ይቻላል። ብዙ ሰዎች እንሶስላን ከሂና ጋር አንድ አድርገው ይመለከቱታል። ተክሎቹ ግን ፍጹም የተለያዩ ናቸው፤ ሂና በቆላ አገር የሚበቅል የቁጥቋጦ ቅጠል ሲሆን፣ እንሶስላ የደጋና የወይና ደጋ ሥር ነው። የሚመሳሰሉት ሁለቱም ኬራቲን ከሚባለው የቆዳና የጥፍር ንጥረ ነገር ጋር ተጣብቆ የሚቀር ቀለም በመስጠታቸው ነው።

እንሶስላ የእግር ቁስልን፣ የጣት መሐል እከክንና የጥፍር ፈንገስን ያድናል የሚለው እምነት በብዙ ቤት አለ። እምነቱ ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ ከእንሶስላ ዘመዶች የሚወጡ ንጥረ ነገሮች በላቦራቶሪ ውስጥ ፈንገስን ሲገቱ ታይተዋል። ዳሩ ግን በብርጭቆ ሳህን ላይ የተገታ ፈንገስና ከጥፍር በታች ገብቶ የተደበቀ ፈንገስ አንድ አይደሉም። የወፈረ፣ የሚፈረፈርና ቢጫ የሆነ ጥፍር ላይ እንሶስላ ቢደረግ ቀለሙ በሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ ሥሩ ድረስ አይደርስለትም። ባለቤቲቱም ዳነልኝ ብላ ትቀመጣለች። ሐኪም የሚያዘው የሚዋጥ መድኃኒት እንኳ፣ ለምሳሌ ተርቢናፊን የተባለው፣ ብዙውን ጊዜ ለእጅ ጥፍር 6 ሳምንት፣ ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት ያህል ይወሰዳል፤ ከዚያም በኋላ ጤናማው ጥፍር አድጎ የታመመውን እስኪተካ ወራት መጠበቅ ግድ ነው። በዚያ ላይ የወፈረ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም፤ ጠባብ ጫማ፣ አደጋ ወይም ሌላ የቆዳ በሽታ ያንኑ መልክ ሊሰጠው ስለሚችል አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

«ጥፍሬ ይተንፍስ፣ ለአንድ ወር ቀለም አታድርጊብኝ» የምትል ደንበኛ በየሳሎኑ አትታጣም። ጥፍር ግን አይተነፍስም። ከቆዳው ወጥቶ የምናየው ክፍል ሕይወት የሌለው ጠንካራ ኬራቲን ነው፤ ምግቡንም ኦክስጅኑንም የሚያገኘው ሕያው የሆነው ሥሩ ሲሆን፣ ያም ከደም እንጂ ከአየር አይደለም። ጄል ከተነሣ በኋላ ጥፍር ሳስቶና ተሰነጣጥቆ የሚታየው አየር ስላጣ ሳይሆን፣ ከመቀባቱ በፊት በሞረድ ከመጠን በላይ በመፋቁ፣ ወይም ጄሉ በአሴቶን ሳይለሰልስ በጥርስና በጥፍር ተፈልቅቆ በመነሣቱ ነው። ዕረፍት መስጠቱ ጉዳት ባይኖረውም፣ መፍትሔው ያለው ከአነሣሡ ላይ ነው።

ከጥፍሩ ሥር ያለውን ቀጭን ቆዳ በተመለከተ ደግሞ፣ ብዙዎች «ጠርጊልኝ፣ ንጹሕ እንዲሆን» ይላሉ። ያ ቆዳ ቆሻሻ አይደለም፤ ውሃና ጀርም ወደ ጥፍሩ ሥር እንዳይገባ የሚዘጋ ማኅተም ነው። ለበዓል ሊጥ የምታቦካ፣ ዶሮ የምትበልትና ዕቃ የምታጥብ ሴት እጇ ከውሃ አይወጣምና፣ ማኅተሙ ተቆርጦ የተነሣባት እንደ ሆነ የጣቷ ዙሪያ አብጦ መግል ሊይዝ ይችላል። ለስለስ አድርጎ ወደ ኋላ መግፋት ይበቃል።

ጄልና አርቴፊሻል ጥፍር በሚሠሩበት ኬሚካል ላይ የሚነገረው «ውድ ከሆነ አይጎዳም» የሚለው አነጋገርም ከእውነት የራቀ ነው። አክሪሌት የሚባሉት ንጥረ ነገሮች በሚገባ ሳይደርቁ ቆዳ ከነኩ አለርጂ ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ የብሪታንያ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንኑ ለሕዝብ አስጠንቅቋል። ይህ አለርጂ አንዴ ከመጣ ዕድሜ ልክ የሚቆይ መሆኑ ብቻ አይደለም ክፋቱ፤ ጥርስ ለመሙላትና አጥንት ለመጠገን የሚያገለግሉ የሕክምና ቁሶች ከዚሁ ወገን ስለሆኑ፣ ዛሬ በጣት ላይ የተጀመረ ማሳከክ ነገ በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ችግር ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ ቲፒኦ የተባለውንና ጄል በመብራት እንዲደርቅ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ከነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከመዋቢያ ዕቃዎች ውስጥ አግዷል። ወደ አገራችን በሚገቡ ጠርሙሶች ላይ የተጻፈውን ማንበብ እንግዲህ ለባለሙያዋ የሥራዋ ክፍል ነው።

ለጥፍር የተሠራውን ማጣበቂያ በመተው በሱቅ የሚሸጠውን ሱፐር ግሉ መጠቀምም አለ። ስለዚህ ማጣበቂያ እናቶች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር ከጥጥ ጋር ያለው ጠብ ነው፤ በጥጥ ልብስ ላይ ሲፈስ በቅጽበት ይግላል፣ ቆዳም እስከ ማቃጠል ይደርሳል። የበዓል ቀሚስና ነጠላችን ደግሞ ጥጥ ነው! አሴቶንም ቢሆን በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ ፈሳሽ ስለሆነ፣ ትነቱ ከአየር ይከብዳልና ወደ ታች እየተሳበ ከቡና ከሰል ወይም ከጧፍ ሊደርስ ይችላል። ጥፍር የሚለቀቅበትና ቡና የሚፈላበት ክፍል አንድ ባይሆን ይመረጣል። አርቴፊሻል ጥፍር አድርጋ ከምጣድ እሳት ፊት የምትቀመጥም ፕላስቲክ ከጣቷ ጫፍ ላይ እንዳለ አትርሳ።

«እንሶስላው ቶሎ እንዲጠቁር» በሚል በዱቄት መልክ የሚሸጥ ጥቁር ሂና የሚጨምሩም አሉ። እውነተኛው ሂና ከቀይ እስከ ቡናማ እንጂ በደቂቃዎች ውስጥ ጥቁር አይሆንም። ፈጥኖ የሚያጠቁረው ብዙውን ጊዜ ፒፒዲ ተብሎ የሚጠራው የፀጉር ቀለም ኬሚካል ነው። ቆዳን ያቆስላል፣ ጠባሳ ይተዋል፣ ከተዋጠ ደግሞ ፊትና አንገትን አሳብጦ ትንፋሽ ይዘጋል፣ ኩላሊትንም ያቆማል። በጎረቤት አገር በሱዳን፣ በካርቱም ከተማ በሂናና በዚህ ኬሚካል ቅልቅል ስለ ተመረዙ ሕፃናት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ጽፈዋል፤ የሞቱም ነበሩባቸው። እንሶስላ በራሱ ጊዜ ይጥቆር፤ ልጆች በሚጫወቱበት ቤት ይህን ዱቄት ማስገባት አያስፈልግም።

ስለ መሣሪያዎች ንጽሕና ደንበኛ የምትገምተው አንድ ነው፦ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ንጹሕ ነው። የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ግን ከሰውነት ውጪ ቢያንስ ለ7 ቀናት በሕይወት ሊቆይ እንደሚችል የታወቀ ሲሆን፣ ለዓይን በማትታይ የደም ጠብታም ይተላለፋል። መቁረጫውን በሶፍት ጠርጎ ለሚቀጥለው ሰው ማቅረብ ከዚህ አያድንም። በጤና ተቋሞቻችን ለብዙ ዘመን የተሠራበት ዘዴ በሳሎንም ይሆናል፤ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ተበጥብጦ የብረት መሣሪያው 10 ደቂቃ ይነከርበታል፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠባል፣ በመጨረሻም 20 ደቂቃ ይቀቀላል። የወረቀት ሞረድ አይታጠብም፣ አይቀቀልም፤ ለአንድ ሰው ተጠቅሞ መጣል ነው። ደንበኛዋ የራሷን መቁረጫ ይዛ ብትመጣ ባለሙያዋ ልትከፋ አይገባትም።

ከሁሉም በላይ ሊታረም የሚገባው ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ «ቀለም ምን ያደርጋል?» የሚለው የነፍሰ ጡሮችና የሕመምተኞች ጉዳይ ነው። ጥፍር ለሐኪም መስኮት ነው። ምጥ የያዛት ወይም ደም የፈሰሳት እናት ወደ ጤና ተቋም ስትደርስ አዋላጇ ጥፍሯን ተጭና ትለቃለች፤ የጠፋው ቅላት በ2 ሰከንድ ገደማ ካልተመለሰ ደም ወደ ጣቶቿ በሚገባ እየደረሰ አለመሆኑን ትጠረጥራለች። የጥፍር ሥር መንጣት የደም ማነስን፣ መጥቆር የኦክስጅን እጥረትን ያመለክታል። በጣት ላይ ተሰክቶ የደምን ኦክስጅን የሚለካው ትንሽ መሣሪያም የሚሠራው በጥፍር ውስጥ ብርሃን አሳልፎ ስለሆነ፣ ጥቁር ቀለም ወይም ወፍራም አርቴፊሻል ጥፍር ንባቡን ሊያዛባው ይችላል። ኩቴክስ ቢሆን በአሴቶን በአንድ ደቂቃ ይለቃል። ጄል ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ እንሶስላማ ጨርሶ በአሴቶን አይለቅም። እርግጥ ነው፣ ሐኪም የዐይን ሽፋንን ገልብጦ፣ ምላስንም አይቶ የሚያውቀው ብዙ ነገር አለ፤ መሣሪያውም በጆሮ ጫፍ ላይ ሊደረግ ይችላል። ይሁንና ደቂቃ በሚቆጠርበት ሰዓት ይህ ሁሉ ፍለጋ ነው። ስለዚህ የመውለጃዋ ወር የተቃረበ እናት በበዓሉ እንሶስላ መሞቅ ብታምራት፣ ከእያንዳንዱ እጅ ሁለት ጥፍር ሳይቀለም እንዲቀር ብታደርግ ውበቷ አይጎድልም። ባለሙያዋም «እትዬ፣ ወሩ ስንት ሆነ?» ብላ መጠየቅ ልትለምድ ይገባል።

የስኳር ሕመምተኞችም እንዲሁ ናቸው። እግራቸው የመደንዘዝ ጠባይ ስላለው የውሃውን ትኩሳትም የምላጩንም ስለት ላይሰሙ ይችላሉ፤ ትንሽ ቁስልም በእነርሱ ላይ ቶሎ አትሽርም። ለእነዚህ ሰዎች ውሃው አስቀድሞ በባለሙያዋ ክርን ይለካ፣ ጥፍሩ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፣ የተረከዝ ቆዳ በምላጭ አይነካ። ወደ ሥጋ የገባ ጥፍር ካዩ ደግሞ ሥራው የሳሎን መሆኑ አብቅቷል።

በጥፍር ላይ የሚታዩ ነጫጭ ነጠብጣቦች የካልሲየም ማነስ ምልክት ናቸው መባሉ ስሕተት ነው፤ አብዛኞቹ ጥፍሩ ከወራት በፊት ቀላል ግጭት ስላገኘው የመጡ ናቸው። ስለ ጥቁር ሰንበር ግን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ዘንድ በበርካታ ጥፍሮች ላይ ቡናማ ሰንበር መኖሩ የተለመደና አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌለው ነው። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ በአዲስነት የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ወይም ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ የተሻገረ ሲሆን ግን ከጥፍር ሥር የሚነሣ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል፣ በቀለም ሸፍኖ መመለስ ሳይሆን ወደ ሐኪም መላክ ያሻል። በዚህ ረገድ ጥፍር ሠሪዋ ከሐኪሙ ቀድማ የምታይ ሰው ናት፤ የደንበኛዋን ጣቶች አንድ በአንድ፣ በጥሩ ብርሃን፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል በእጇ ይዛ የምትቀመጥ እርሷ ነችና።

የእንሶስላውን ነገር በተመለከተ «መቼ ይለቃል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሁለት ነው። ከቆዳ ላይ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። በጥፍር ላይ ያለው ግን የሚጠፋው ተቆርጦ ሲያልቅ ብቻ ነው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ መስከረም 1 ቀን የቀላ ጣት ለገና በዓል ሲደርስ ከጫፉ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ብቻ ይተርፈዋል። የእግር ጥፍር እድገቱ የዚያ ግማሽ ያህል ነው፤ የእግር አውራ ጣት ጥፍር ተለውጦ ለማለቅ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጅበታልና፣ በሚመጣው ጳጉሜን ልጃገረዷ አዲሱን ሥር ስትወቅጥ የአምናው ቀለም ከጫማዋ ውስጥ ገና አልወጣም ይሆናል።