ከደባርቅ በቅሎ እስከ ጎርጎራ ታንኳ፦ የኪራይና የቀዘፋ ቃላት አመራረጥ

የስሜንን ተራሮች ለማየት የሚመጣ እንግዳ ጉዞውን የሚያሰናዳው ደባርቅ ላይ ነው። የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት በዚችው ከተማ ስለሚገኝ አስጎብኚና ጠባቂ የሚይዘው፣ በቅሎም የሚከራየው እዚሁ ነው። ከተራራው ወርዶ በዳባት፣ በአምባ ጊዮርጊስና በጎንደር በኩል ወደ ጣና ቢያቀና ደግሞ ጎርጎራ ላይ ሌላ ኪራይ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም የውሃ ላይ ኪራይ ነው። በስሜን ገደላ ገደል ውሃው ቁልቁል ይወረወራል እንጂ ለቀዘፋ ረግቶ አይተኛም። ስለዚህ ከስሜን ግርጌ ለተነሣ ሰው የሐይቅ ሽርሽር ማለት የጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ማለት ነው።

በአገራችን የሐይቅ ዳር መዝናኛዎች ካያክና ቆመው የሚቀዝፉበት ሳንቃ እየታወቁ መጥተዋል። ከዕቃዎቹም ጋራ የኪራይ ውል፣ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍና የአጠቃቀም መመሪያ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከእንግሊዝኛ ይተረጐማል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በእነዚህ ወረቀቶች ላይ የሚያጋጥሙ ጥቂት ቃላትን ነው። ችግሩ የቃል እጦት ሳይሆን ያለው ቃል ያለ ቦታው መግባቱ ነው። የስሕተቱም ዋጋ አንዳንዴ ገንዘብ፣ አንዳንዴም ሕይወት ነው።

1. «ተከራየ»

ደባርቅ ላይ «በቅሎ ተከራየሁ» የሚል መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር አግኝቷል፤ በቅሎዋንና ነጂዋን። ባለበቅሎው ከብቱን ለማያውቀው ሰው ለቆ አይሰጥም። ራሱ ይጭናል፤ ይነዳል፤ ያራግፋል። የጣና የሞተር ጀልባም እንዲሁ ከነነጂው ይከራያል። ስለሆነም «ተከራየ» የሚለው ግስ በእንዲህ ያለ አገባብ ባለሙያው አብሮ መኖሩን ሳይናገር ያሰማል።

ካያክ ግን ብቻውን የሚከራይ ዕቃ ነው፤ ቀዛፊው ራሱ ተከራዩ ነው። «ካያክ ይከራያል» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ የደጋ ሰው የሚቀዝፍለት ሰው ያለ መስሎት ቢመጣ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ተርጓሚው «ከነቀዛፊው» ወይም «ያለ ቀዛፊ» ብሎ ሊለይለት ይገባል። «ከነ» የሚለው ምዕላድ ይህን ልዩነት በሁለት ፊደል ይገልጸዋልና ልንጠቀምበት ይገባል።

2. «ታንኳ»፣ «ጀልባ»፣ «ካያክ»

የጣና ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ደንገሉ ታጭዶ ከደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ እየተጠፈረ ይታሰራል፤ በዚህም ጥበብ የነገደ ወይጦ ሰዎች የታወቁ ናቸው። ታንኳው ውሃ ስለሚጠጣ ከሐይቁ በወጣ ቁጥር ፀሐይ ላይ ይደርቃል። የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ቀላል በመሆኑ ነው እንጂ እንደ እንጨት ጀልባ ሆዱ ባዶ ስለ ሆነ አይደለም። ይህ የቃሉ ጠባብ ፍች ነው። በሌላ በኩል የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የገሊላን ዓሣ አጥማጆች ጀልባ «ታንኳ» ስለሚለው፣ ቃሉ ከምንም ይሠራ ከምን በእጅ የሚቀዘፍ ትንሽ መጓጓዣ ሁሉ የሚጠራበት ሰፊ ፍችም አለው። የፍች መስፋት ወይም መዛወር ለውሃ ቃላት እንግዳ ነገር አይደለም። «ሐይቅ» በግእዝ የባሕር ዳርን፣ ጠረፍን የሚያመለክት ሲሆን በዛሬው አማርኛ የውሃው መጠሪያ ሆኗል።

ካያክ የዋልታ አካባቢ የኢኑይት ሕዝብ የሠራው የአደን ታንኳ ነው፤ ስሙም ከእነርሱ ቋንቋ የመጣ ነው። ጥንታዊው ካያክ በቀጭን ማገር ላይ የአቆስጣ ቆዳ የተወጠረበት፣ ከቀዛፊው መቀመጫ በቀር ላዩ የተሸፈነ፣ ሁለቱም ጫፉ ሰፊ በሆነ መቅዘፊያ የሚነዳ ነው። ይህን ተመልክቶ «ዝግ ታንኳ» ማለት ደስ ሊያሰኝ ይችላል። ዳሩ ግን ዛሬ ለመዝናኛ ከሚከራዩት ካያኮች ብዙዎቹ ከፕላስቲክ የተሠሩ፣ ላያቸው ላይ የሚቀመጡባቸው ናቸው። ስያሜው የዕቃውን አንድ ዐይነት ብቻ ገልጦ ሌላውን የሚያስተባብል ከሆነ አይጸድቅም። ስለዚህ «ካያክ» የሚለውን ቃል እንዳለ መውሰዱን እንመርጣለን።

ቆሞ የሚቀዘፍበትን ሳንቃ «መቅዘፊያ ሰሌዳ» ማለት ግን አያስኬድም። «መቅዘፊያ» የመሣሪያ ስም ስለ ሆነ ሐረጉ «የሚቀዘፍበት መሣሪያ ሰሌዳ» ማለትም ውሃውን የሚገፋውን ሰፊ ጫፍ ሊያሰማ ይችላል። «ሰሌዳ»ም አንባቢውን ወደ ትምህርት ቤት ይወስደዋል። «የቁም ቀዘፋ ሳንቃ» ብንለው ግን አቋቋሙንም፣ ሥራውንም፣ ቅርጹንም በአንድ ጊዜ እናገኛለን። የሚያስገርመው ነገር ከጥንታዊው ካያክ ይልቅ በአሠራሩ ለደንገል ታንኳ የሚቀርበው ይህ ሳንቃ ነው፤ ሁለቱም ሰውን በላያቸው ይሸከማሉ እንጂ በሆዳቸው አይዙም።

3. «ቀብድ» እና «መያዣ»

ተከራዩ ዕቃውን እስኪመልስ ድረስ የሚያስቀምጠውን ገንዘብ አንዳንድ ተርጓሚዎች «ቀብድ» ይሉታል። ይህ ከባድ ስሕተት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1883 እስከ 1885 እንደሚደነግገው ቀብድ የውል መደረግ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የዕቃ ማስመለሻ ገንዘብ ግን ስለ ውሉ መደረግ ሳይሆን ስለ ዕቃው ደኅንነት የሚቀመጥ ነው፤ ዕቃው በደኅና ሲመለስ እርሱም ይመለሳል። ስለዚህ «መያዣ» ወይም «ማስያዣ» ይባል። አከራዩ «ቀብድ» ብሎ በጻፈው ወረቀት ላይ ዝናብ መጥቶ ተከራዩ ሽርሽሩን ቢተው፣ ክርክሩ በሐይቁ ላይ ሳይሆን በቃሉ ላይ ይሆናል።

4. ሰዓት

ጣና ጧት ጧት ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ይናወጣል። ስለዚህ አከራዩ በእንግሊዝኛ «ከ10 ሰዓት በፊት ይመለሱ» ብሎ ቢጽፍ፣ ያሰበው በእኛ አቈጣጠር ከረፋዱ 4 ሰዓትን ሊሆን ይችላል። ተርጓሚው ቁጥሩን ሳይለውጥ ቢያሳልፈው፣ አማርኛ አንባቢው ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ፈቃድ ያገኘ ይመስለዋል፤ ሞገዱ በሚበረታበት ጊዜም ሐይቁ መካከል ይገኛል። ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ትርጕሙ ሰው ሊያሰጥም የሚችልበት ጊዜ ይህ ነው። ስለሆነም ሰዓት በተጻፈበት ሁሉ «ከጧቱ»፣ «ከረፋዱ»፣ «ከቀኑ» የሚሉት ቃላት ሊቀሩ አይገባም።

5. «መንሳፈፊያ ሰደርያ»

በተለምዶ «ላይፍ ጃኬት» የሚባለውን ልብስ «የአደጋ ጊዜ ጃኬት» ብለው የሚተረጕሙ አሉ። እንዲህ ያለው ስም ልብሱ አደጋ ሲደርስ የሚፈለግ ያስመስለዋል። ውሃ ውስጥ ከወደቁ በኋላ ማጥለቁ ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ልብሱ እጅጌ የሌለው ስለ ሆነ «ሰደርያ»፣ ሥራውም ማንሳፈፍ ስለ ሆነ «መንሳፈፊያ ሰደርያ» እንዲባል እናቀርባለን። መመሪያውም «ይያዝ» ሳይሆን «ከመሳፈር በፊት ይለበስ» ይበል። «ይያዝ» የተባለ ሰው በእጁ ይዞት ሊሳፈር ይችላልና።

ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

ካያክ፦ አንድ ወይም ሁለት ሰው ተቀምጦ፣ ሁለቱም ጫፉ ሰፊ በሆነ መቅዘፊያ የሚነዳው ጠባብ ታንኳ።

የቁም ቀዘፋ ሳንቃ፦ ቀዛፊው ቆሞ፣ አንድ ጫፉ ሰፊ በሆነ ረጅም መቅዘፊያ የሚነዳው ተንሳፋፊ ሳንቃ።

ያለ ቀዛፊ ኪራይ፦ ተከራዩ ራሱ የሚቀዝፍበት ኪራይ፤ ተቃራኒው «ከነቀዛፊው»።

መያዣ፦ ዕቃው ሲመለስ የሚመለስ ገንዘብ።

መንሳፈፊያ ሰደርያ፦ ከመሳፈር በፊት የሚለበስ፣ የለበሰውን ሰው ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ እጅጌ የሌለው ልብስ።

እነዚህን ስያሜዎች ያቀረብናቸው የመጨረሻ ፍርድ ናቸው ብለን አይደለም። የቃል ዳኛው ተጠቃሚው ነው፤ የጎርጎራ ቀዛፊና የደባርቅ ባለበቅሎ ከእኛ የተሻለ ቃል ቢኖራቸው እርሱ ይቀደም። ተርጓሚዎች ግን አንድ ነገር እንዲያስታውሱ አደራ እንላለን፤ ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ቀጥሎ የሚረግጠው መሬት ሳይሆን ውሃ ነው።