የፎገራ ሜዳ አፈር ከወዴት መጣ፥ ጐርፉስ ስለ ምን በዛ

ፎገራ የሚባለው ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፥ በደቡብ ጎንደር የሚገኝ ለጥ ያለ ሰፊ ምድር ነው። በሰሜን በኩል ርብ፥ በደቡብ በኩል ጉማራ የሚባሉት ወንዞች አቋርጠውት ወደ ሐይቁ ይገባሉ። የወረዳው ከተማ ወረታ የተቈረቈረው በሜዳው መካከል ሳይሆን በዳርቻው፥ ምድሩ ወደ ምሥራቅ ከፍ ማለት በሚጀምርበት ስፍራ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚወጣው መንገድ የሚገናኙትም በዚሁ ነው። ከተማው ዳር ይዞ መቀመጡ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም፤ በነሐሴ ሜዳውን ያየ ሰው ምክንያቱን ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ጂኦግራፊ የሚባለው የመልክዐ ምድር ትምህርት ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ተራራው፥ ወንዙ፥ አፈሩና ዝናሙ እንዴት እንደ ሆኑ ይመረምራል። ሁለተኛው ሰው በዚያ ምድር ላይ እንዴት እንደ ሰፈረ፥ ምን እንደሚዘራ፥ ከብቱን ወዴት እንደሚያሰማራ፥ መንገዱንና ገበያውን በየት እንዳደረገ ይመረምራል። በብዙ ስፍራ ሁለቱን ለያይቶ ማስተማር ይቻላል፤ በፎገራ ግን ስለ ወንዙ የተጠየቀው ጥያቄ መልሱ ግማሹ በሰው ሥራ ውስጥ ይገኛልና አንዱን ትቶ ሌላውን መናገር አይሆንም።

ሜዳውን ለማወቅ ከተራራው መጀመር ያስፈልጋል። ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ የሚታየው ጉና በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ፥ ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነው። ርብም ጉማራም ውኃቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ተራራ ነው። የጣና ሐይቅ ገጽ ግን ከባሕር ወለል 1,786 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይላል። ከጉና ራስ እስከ ሐይቁ ዳር በቀጥታ ቢለካ ርቀቱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በዚህ ርቀት ውስጥ ምድሩ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወርዳል ማለት ነው። ይህ ቍልቍለት በእኩል የተከፋፈለ አይደለም። አብዛኛው በደጋውና በወይና ደጋው ያልቃል፤ ወንዞቹ ከሜዳው ሲደርሱ የሚወርዱበት ተዳፋት በዐይን አይታይም። ውኃ በተዳፋት ሲሮጥ ጕልበት ስላለው አፈርና አሸዋ ጠጠርም ይሸከማል፤ ለጥ ካለ ምድር ሲደርስ ደክሞ ሸክሙን ይጥላል። ይህም የተጣለው ሸክም ደለል ይባላል። የፎገራ ሜዳ እንግዲህ ከፊሉ ወንዞቹ ለብዙ ሺህ ዓመት የጣሉት፥ ከፊሉም ሐይቁ ከዛሬው ሰፍቶ በነበረ ጊዜ ከሥሩ የተኛ ደለል ነው። ሲርስ እግር የሚይዘው፥ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር የዋልካ አፈር የዚህ ውጤት ነው።

ሐይቁም ራሱ ሁልጊዜ እንዳሁኑ አልነበረም። ጣና የተፈጠረው ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣ ድንጋይ የዓባይን መውጫ ስለ ዘጋው ነው። ሊቃውንት ከሐይቁ ወለል ጭቃ በረጅም ቱቦ እያወጡ በመረመሩ ጊዜ፥ ከዛሬ 15 ሺህ ዓመት በሚበልጥ ዘመን በፊት ሐይቁ ደርቆ እንደ ነበረ የሚያስረዳ ምልክት አገኙ፤ ይህንም በፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 አሳተሙት። ዛሬ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ እጅግ በጠለቀበት ስፍራ 14 ሜትር ያህል ነው። ለስፋቱ ጥልቀቱ ትንሽ ስለ ሆነ፥ በዳርቻው ጥቂት ከፍ ሲል ብዙ መሬት ይሸፍናል፤ ጥቂት ዝቅ ሲልም ብዙ ያጋልጣል።

በፎገራ በዓመት የሚዘንመው ዝናም 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። የሜዳው ሰው ከዚህ ውኃ ጋራ የሚኖርበት የቈየ ልማድ ነበረው። ክረምት ሲገባ ከብቱን ወደ ከፍታው ያወጣል፤ ውኃው ሲሸሽ ወደ ለመለመው ሣር ይመልሳል፤ ርጥበቱ በቀረበት ምድር ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ጐርፉ ዘግይቶ ቢሄድ ያስቸግራል፤ ጨርሶ ሳይመጣ ቢቀር ግን ሣሩም ጓያውም የለም። የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የተጠራው በዚህ ግጦሽ ነው።

ይህ ልማድ የተለወጠው በሩዝ ምክንያት ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች ባሉበት በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ተዘራ። ጅምሩ ለጊዜው ቀዝቅዞ ነበር፤ ኋላ ግን ገበሬው ራሱ ያዘው፤ ውኃ የተኛበት መሬት ለጤፍ የማይሆነውን ያህል ለሩዝ ምቹ ነውና። በገበሬው ዘንድ የተወደደው ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ስፍራ ነው። ሩዝ ከጤፍ ጋራ ተፈጭቶ እንጀራ ሆነ፤ ገለባውም ለከብት መኖ ሆነ። ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በወረታ ይገኛል። ነገር ግን ሩዝ የያዘው መሬት አብዛኛው ቀድሞ ግጦሽ ነበር፤ ስለዚህ የፎገራ ከብት ቍጥሩ እየቀነሰ፥ ከሌላ ዘር ጋራም እየተደባለቀ ሄደ። በየዓመቱ ወፎች ከሩቅ አገር መጥተው የሚከርሙባቸው ሸሸርና ወለላ የሚባሉት ረግረጎችም ከዳር ከዳር ታረሱ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን ይህ ነው፤ ቀድሞ ውኃው ሲመጣ ከብቱን ነድቶ የሚሸሽ ሰው፥ ዛሬ ከማሳውና ከቤቱ ጋራ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት፥ ድሬ ዳዋንና የኦሞን ወንዝ ዳር ጐርፍ በመታበት በዚያው ወቅት፥ በፎገራ፥ በሊቦ ከምከምና በደምቢያም ወንዞቹ ከዳራቸው አልፈው ፈሰሱ። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ እህልና ከብትም ጠፋ። ከዚያ በፊትም በኋላም ጐርፍ ነበረ። ነገር ግን በቅርብ ዘመን እየተደጋገመ በመምጣቱ፥ ዝናሙ ጨምሮ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ የሚል ጥያቄ ተነሣ።

ይህን ጥያቄ በጉማራ ወንዝ ላይ ከመረመሩት መካከል መንግሥቴ አባተና ያን ኒሰን የሚባለው የቤልጅግ አገር የጂኦግራፊ ሊቅ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ይገኛሉ፤ ጽሑፋቸው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 ታትሟል። የሠሩበት መንገድ ለመምህር ቢነገር የሚጠቅም ነው። በ1957ና በ1980 ከአውሮፕላን ላይ የተነሡትን ፎቶግራፎች፥ በ2006 ከሰማይ በሳተላይት ከተነሣው ሥዕል ጋራ አስተያዩ፤ እነዚህም ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። ከወንዙ የታችኛውን 38 ኪሎ ሜትር እየተከተሉ፥ መታጠፊያው የት እንደ ነበረና ዛሬ የት እንዳለ፥ የወንዙ አፍም ወዴት እንደ ደረሰ በካርታ ጻፉ። ከዚህም ጋራ በውኃ መለኪያው ጣቢያ በልዩ ልዩ ዘመን የተጻፈውን የወንዙን የጥልቀት መዝገብ መረመሩ።

የወንዙ መታጠፊያ ብዙ አልተለወጠም ነበር። የወንዙ ወለል ግን ተለውጧል። በመለኪያው ጣቢያ ዘንድ እጅግ ጥልቅ የነበረው ስፍራ ከ1963 እስከ 2009 በደለል ተሞልቶ በ2.91 ሜትር ከፍ አለ። ረጅም ሰው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቢቆም ይህን ቁመት በጣቱ አይነካውም። በዚህ ስፍራ ወንዙ ቀድሞ በአልጋው ውስጥ ይዞት ይሄድ የነበረውን ውኃ ዛሬ ሊይዘው አይችልም፤ ዝናሙ ምንም ሳይጨምር ጐርፉ ሊጨምር ይችላል ማለት ነው።

ደለሉ በወንዙ አፍም ታይቷል። ጉማራ ወደ ጣና በሚገባበት ስፍራ ከ1957 እስከ 1980 ድረስ 1.12 ካሬ ኪሎ ሜትር፥ ከዚያም እስከ 2006 ድረስ ሌላ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል አዲስ ምድር ከሐይቁ ውስጥ ወጥቷል። አራት ጥማድ አንድ ሔክታር ነው ብሎ ለሚቈጥር ገበሬ ይህ ከ800 ጥማድ በላይ ይሆናል። ይህ ሁሉ አፈር በላይኛው አገር፥ በፋርጣና በአካባቢው ተዳፋት ላይ፥ የአንድ ሰው እርሻ የነበረ ነው። የላይኛው ገበሬ ያጣውን የታችኛው አገኘ ለማለት ያስቸኵላል፤ ነገር ግን ከማሳ ላይ ሲሆን የሚያለማው አፈር፥ ከወንዝ አልጋ ውስጥ ሲተኛ የታችኛውን ማሳ የሚያሰጥም ሆነ።

የደለሉ መብዛት ምክንያቱ አንድ አይደለም። መርማሪዎቹ የጻፉት በሦስት ስፍራ ያለ የሰው ሥራ ተደርቦ እንደ ሆነ ነው። የመጀመሪያው ከላይ ነው፤ ዱሩ ተመንጥሮ ተዳፋቱ ስለ ታረሰ አፈሩ ይታጠባል። ሁለተኛው ከታች ነው፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በባሕር ዳር ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲባል በፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 ገደማ የውኃ መቆጣጠሪያ ተሠርቷል። የሐይቁ ውኃ ሲያዝ ገጹ ከፍ ይላል፤ ገጹ ከፍ ሲልም የጉማራ ውኃ እንደ ልቡ መውጣት አቅቶት ወደ ኋላ ይቆማል፤ የቆመ ውኃም ደለሉን እዚያው ይጥላል።

ሦስተኛው በሜዳው በራሱ ነው፤ በመንደር ውስጥ ጠብ የሚያነሣም ይኸው ነው። በበጋ ገበሬው ለሽንኵርትና ለሌላም አትክልት ከወንዙ ውኃ ይስባል፤ የቀረው ውኃ ጕልበት ስለማይኖረው ደለሉን ማስወገድ አይችልም። በክረምት ደግሞ ማሳውን ለማዳን በወንዙ ዳር የአፈር ካብ ይሠራል። ለዚያ ማሳ ለዚያ ዓመት መልካም ነው። ነገር ግን ቀድሞ በሜዳው ላይ በስሱ ይበተን የነበረው ደለል በካቡ ተከልክሎ በአልጋው ውስጥ ይቀራል፤ አልጋው ከፍ ይላል፤ ካቡም ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ ሊደረግ ግድ ይሆናል። በመጨረሻ ካቡ በአንድ ስፍራ ሲጣስ፥ ውኃው ካብ በሌለው ወይም ካቡ በደከመው ጎረቤት ማሳ ላይ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። የተጐዳው ሰው የሚከሰው ጎረቤቱን ነው፤ ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዚያ ብዙ ርቆ ነው። በእንዲህ ያለ ክርክር ለመዳኘት የሚቀመጡ ሽማግሎች ይህን ማወቃቸው ከንቱ አይሆንም፤ አንድ ካብ ለብቻው ሲሠራ የሚሆነውና የወንዙ ዳር ሰዎች ሁሉ ተማክረው ሲሠሩ የሚሆነው ልዩ ልዩ ነውና።

በርብ ወንዝ ላይኛ ክፍል 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ የአፈር ግድብ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 ተፈጽሟል። እንዲህ ያለ ግድብ የክረምቱን ውኃ ይይዛል፥ ለበጋ መስኖም ያቈያል፤ ነገር ግን ደለሉም ከውኃው ጋራ ወደ ግድቡ ይገባልና የተዳፋቱን አፈር በእርከን መጠበቅ በግድብ አይተካም።

የዚህ ምርመራ መሠረት የሆኑት አሮጌ ፎቶግራፍና አሮጌ መዝገብ ናቸው። በ1963 የወንዙን ጥልቀት ለክቶ የጻፈ ሰው ባይኖር የ2009ኙ ልኬት ብቻውን ምንም ባልተናገረ ነበር። በየመንደሩ ግን መዝገብ ያልያዘው ብዙ ነገር በሽማግሎች ዘንድ አለ፤ የ1998ቱ ውኃ ከየትኛው ዛፍ ግንድ እስከ የት እንደ ደረሰ፥ ወንዙ በአባቶቻቸው ዘመን በየት ይሻገሩት እንደ ነበረ የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ይጠይቃቸው፤ የጐርፉ ምልክት በደረሰበት ስፍራ በቀለም ይሰመር፥ ከምድር ያለው ቁመትም በሜትር ተለክቶ ከዓመተ ምሕረቱ ጋራ ይጻፍ። ሁለት ሽማግሎች ልዩ ልዩ ቁመት ቢናገሩ ሁለቱም ይጻፉ፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መፋቅ አይገባም።

ደለሉንም በትምህርት ቤት መለካት ይቻላል። በሐምሌ መጀመሪያ መምህሩ ራሱ በድልድይ ላይ ሆኖ በገመድ በታሰረ ባልዲ የወንዙን ውኃ ይቅዳ፤ ልጆች በክረምት ወደ ወንዙ ዳር መውረድ የለባቸውም። ውኃው በነጭ ጠርሙስ ተሞልቶ ሳይነቃነቅ ይቀመጥ። አሸዋው ወዲያው፥ ደቃቁ የዋልካ ጭቃ ግን ቀስ ብሎ ይተኛልና ሦስት ቀን ይቈይ። ከዚያ በኋላ ከሥሩ የተኛው ደለል በማስመሪያ ይለካ፤ ቀኑም በጠርሙሱ ላይ ይጻፍ። በመስከረም መጀመሪያ ይህው ይደገም። ወንዙ በሁለቱም ጊዜ ሞልቶ ቢሆን እንኳ የሐምሌው ደለል አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል፤ በሐምሌ የላይኛው አገር ማሳ ገና ታርሶ ራቁቱን ነው፥ በመስከረም ግን ቡቃያው አፈሩን ሸፍኖታል። በፋርጣ ያለ ትምህርት ቤትና በፎገራ ያለ ትምህርት ቤት በአንድ ሳምንት ከአንዱ ወንዝ ቀድተው ልኬታቸውን በደብዳቤ ቢለዋወጡ፥ አፈሩ ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚቀር ልጆቹ በሁለት ጠርሙስ ያዩታል።